ቆጠራ ያለ ነገራ፦ የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌርን በቤት ውስጥ ራስን በራስ የማስተማር ልማድ ሲመረመር

መግቢያ

ከፒያሳ ተነሥቶ በሰሜን ሆቴል በኩል ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚያወጣው መንገድ አዲሱ ገበያ ሲደርስ መሬቱ የእንጦጦን ግርጌ ይዞ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ቀን ቀን የሻጭና የሸማች፣ የታክሲና የጭነት መኪና ግርግር አይለየውም። ማታ ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ግን በአንዳንድ ቤቶች ውስጥ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጀመራል። ቀኑን ተቀጥሮ ሲሠራ የዋለ ወጣት ከሰው የገዛውን አሮጌ ላፕቶፕ ይከፍታል፤ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ያገናኛል፤ አውቶካድን፣ ሬቪትን፣ አርኪካድን ወይም ስኬችአፕን ያለ መምህር ለመማር ይቀመጣል።

ይህ ልማድ በአዲሱ ገበያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሰፈሩን ለምርመራ የሚያመች ያደረገው መሬቱ ነው። በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ከዳገቱ ጋር መስማማት አለበት፤ በኮምፒዩተር ቤት የሚነድፍ ጀማሪ ግን ሁልጊዜ የሚነሣው ከለጥ ያለ ባዶ ሜዳ ነው። በዳገቱና በሜዳው መካከል ያለው ርቀት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

በዚህ ሂስ የሚመረመረው የተማሪው ትጋት አይደለም። ትጋቱ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባውም። የሚመረመረው ተማሪው በእጁ ያገኘው የመማሪያ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም በቪዲዮ የሚቀርበው ተከታታይ ትምህርትና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የመለማመጃ ፋይል ነው። እነዚህ በማንም ሳይጸድቁ በሥራ ላይ የዋሉ ሥርዓተ ትምህርት ናቸው ማለት ይቻላል። ማናቸውም ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በሦስት ጥያቄዎች ይፈተናል፦ ምን ያስተምራል? በምን ቅደም ተከተል ያስተምራል? የተማሪውንስ ስሕተት ማን ያርማል?

መሣሪያው ከየት መጣ

የሕንፃ ፕላን ለረጅም ዘመን በእጅ ሲነደፍ ኖሯል። ነዳፊው ቲ-ስኩዌሩን፣ ሦስት ማዕዘኑንና ራፒዶግራፉን ይዞ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ይሠራ ነበር፤ የተሳሳተውን መስመር በምላጭ ፍቆ ያነሣ ነበር። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የተሠራው በዚህ ዓይነቱ የእጅ ሥራ ነው። እንዲህ ባለው ዘመን ስሕተት ዋጋ ነበረው፤ አንድ መስመር ከመሰመሩ በፊት መታሰብ ነበረበት።

በኮምፒዩተር ለመንደፍ ከተደረጉት ቀዳሚ ሙከራዎች ዋነኛው ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዶክትሬት ማሟያ ያቀረበው «ስኬችፓድ» የተባለው ሥራ ነው። በዚያ ሥራ ነዳፊው የብርሃን ብዕር ይዞ በቀጥታ በመስታወቱ ላይ መስመር ይስላል። እ.ኤ.አ. በ1982 አውቶዴስክ የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ አውቶካድን ለግል ኮምፒዩተር አቀረበ። በዚያው ዓመት በሀንጋሪ ግራፊሶፍት ተቋቋመ፤ አርኪካድ የእርሱ ሥራ ነው። ስኬችአፕና ሬቪት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርበዋል፤ ሬቪትንም አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2002 ገዝቶታል።

እነዚህ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አውቶካድ በመሠረቱ መስመርን ያውቃል፤ ሁለት ትይዩ መስመሮች ግድግዳ መሆናቸውን የሚያውቀው ነዳፊው ነው። ሬቪትና አርኪካድ ግን ግድግዳን እንደ ግድግዳ፣ በርን እንደ በር ይይዛሉ፤ በር በግድግዳ ላይ ሲቀመጥ ቀዳዳውን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ከአንድ ፕላን ቁርጡንና ገጽታውን ያወጣሉ። ይህ ችሎታ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። ለጀማሪው ግን አንድ አሳሳች ሐሳብ ያሳድርበታል፤ መሣሪያው ግድግዳን ካወቀ ቤትንም ያውቃል ብሎ ያምናል።

የቤት ውስጥ ትምህርቱ በጎ ጎን

ሂስ ሚዛናዊ ሊሆን የሚችለው መልካሙን ከነምክንያቱ ሲያስቀምጥ ነው። በኢትዮጵያ የሕንፃ ንድፍ መደበኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 ከተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በልደታ የሚገኘው የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የዚያ ወራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት ክፍሉን ከፍተዋል። ይሁን እንጂ በሩ የሚከፈተው በፈተና ውጤት ነው፤ ያለፈው ዕድል ለብዙዎች ተመልሶ አይመጣም። ቤተሰብ ለመርዳት ሲል በጊዜ ሥራ የገባ ወጣት፣ ልጅ ወልዳ ትምህርቷን ያቋረጠች እናት፣ በግንባታ ላይ በቀን ሥራ የሚውል ሠራተኛ ወደዚህ ሙያ የሚጠጋበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ ያንን መንገድ ከፍቶለታል።

በቪዲዮ የሚሰጠው ትምህርት አንድ የማይካድ ጠቀሜታ አለው። ተማሪው ያልገባውን ክፍል አሥር ጊዜ ቢደግመው የሚሰለች መምህር የለም። ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚያፍር ልጅ በቤቱ ውስጥ አያፍርም። ራስን በራስ ማስተማር ከፍ ካለ ደረጃ ሊያደርስ እንደሚችልም ዓለም ምስክር ነው። ጃፓናዊው ታዳኦ አንዶ በመደበኛ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ሳይማር እ.ኤ.አ. በ1995 የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀብሏል። ዳሩ ግን አንዶ እንዴት እንደ ተማረ መታወስ አለበት፤ የለ ኮርቡዚየን ንድፎች ከመጽሐፍ እየደጋገመ በእጁ ገልብጧል፤ ከዚያም ሕንፃዎቹን በአካል ለማየት አገር ለአገር ዞሯል። ለእርሱ ትምህርት መሣሪያን መልመድ ብቻ አልነበረም፤ ሕንፃን መመልከትና መለካት ጭምር ነበር።

በይዘቱና በቅደም ተከተሉ የሚታዩ ጉድለቶች

ሀ) የትምህርቱ አደረጃጀት

ተከታታይ ቪዲዮዎቹ በአብዛኛው የሚደረደሩት በመሣሪያው ዝርዝር ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያው ክፍል መስመር፣ በሁለተኛው ክብ፣ በሦስተኛው ኦፍሴት፣ በአራተኛው ትሪም እየተባለ ይቀጥላል። ይህ አደረጃጀት ለአስተማሪው ይቀላል፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በመስታወቱ ላይ ተቀምጧል። ተማሪው ግን ኦፍሴት መስመርን በተወሰነ ርቀት እንደሚደግም ሲማር፣ ርቀቱ ለምን 20 ሴንቲ ሜትር እንደ ሆነ አይማርም። በአዲስ አበባ ግንባታ 20 ቁጥሩ የመጣው ከብሎኬቱ ነው፤ ብሎኬት በ20፣ በ15 እና በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይገኛል፤ በሁለቱም ወገን ልስን ሲጨመርበት ግድግዳው ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ከአሜሪካ ቪዲዮ የተቀዳ የእንጨት ግድግዳ ውፍረት በጉለሌ ብሎኬት ላይ ያውላል። ትእዛዙ በትክክል ተፈጽሟል፤ ግድግዳው ግን የለም።

ለ) የመለኪያ ጉዳይ

አውቶካድ ሥራ የሚጀመርባቸው ሁለት የታወቁ መነሻ ፋይሎች አሉት፤ አንደኛው በኢንች፣ ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የተዘጋጀ ነው። ተማሪው የትኛውን እንደ ከፈተ ካላስተዋለ አንዱን የ4 ሜትር ክፍል ዛሬ 4፣ ነገ 4,000 ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለቱን ንድፎች ሲያገናኝ አንዱ ሰፈር የሚያህል፣ ሌላው ነጥብ የሚያህል ሆኖ ያገኘዋል። በእግር የተሰጡ ልኮችን እንዳሉ መቅዳትም ሌላ ችግር ያስከትላል። 12 እግር በ14 እግር የተባለው ክፍል 3.66 ሜትር በ4.27 ሜትር ማለት ነው፤ በሜትር ለሚለካ ግንበኛ እንዲህ ያለው ቁጥር ትርጉም አይሰጥም። መሠረታዊው ጉድለት ግን ተማሪው ለልክ ስሜት እንዲያዳብር አለመደረጉ ነው። የሚተኛበትን ክፍል ስፋት በሜትር የማያውቅ ሰው የሌላውን ቤት ስፋት ሊወስን አይችልም።

ሐ) መሬትና ፀሐይ

ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቦታ ከመቶ ዐሥር ቢያዘነብል በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል የ1.50 ሜትር ልዩነት ይኖራል፤ ይህም እስከ ሰው ትከሻ የሚደርስ ነው። በአዲሱ ገበያ እንዲህ ያለው ቦታ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የድጋፍ ግንብ፣ ቁፋሮ፣ ደረጃና ከላይ ለሚመጣው የክረምት ጎርፍ መውረጃ ይጠይቃል። ከቤቱ ወጪና ልፋት ቀላል የማይባለው ክፍል ከመሬት በታች ያልቃል። በመለማመጃው ፋይል ላይ ግን መሬቱ ዜሮ ነው፤ ከዜሮ በላይ ያለው ሁሉ ያማረ ነው።

ፀሐይም እንዲሁ ነች። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች የቀትር ፀሐይ ዘወትር በደቡብ እንዳለች አድርገው ይነሣሉ፤ ለእነርሱ አገር እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በሰኔ የቀትር ፀሐይ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መስኮትንና የጣራ ክፈፍን በሚመለከት የተሰጠው ምክር ሳይመረመር ቢቀዳ ለኢትዮጵያ ቤት አይሆንም።

መ) የዕቃ ቤተ መዛግብት

ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ወይም ከኢንተርኔት የሚወርደው የዕቃ ስብስብ የአንድን ኅብረተሰብ አኗኗር በውስጡ ይዟል። የእሳት ምድጃ ያለው ሳሎን፣ የሁለት መኪና ጋራዥ፣ ትልቅ የመታጠቢያ ገንዳ በሽበሽ ነው። ጭሱ የሚወጣበት የእንጀራ ምጣድ ያለበት ማድ ቤት፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የሚጠራቀምበት ሮቶ፣ በርበሬ የሚሰጣበት ፀሐያማ ግቢ፣ እንግዳ ሲበዛ ወንበር የሚደረደርበት በረንዳ ግን በስብስቡ የሉም። ተማሪው ያላገኘውን አይነድፍም፤ ያገኘውን እየደረደረ በሄደ መጠን የእናቱ ቤት ከንድፉ ይወጣል።

ሠ) ቋንቋ

ከተጠቀሱት ሶፍትዌሮች በአማርኛ የሚያዝ የለም። ተማሪው የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ በድምፁ ይሸመድደዋል፤ ትርጉሙን ግን በሥራው ይገምታል። በአማርኛ የሚሰጡት ቪዲዮዎች ይህን ችግር በከፊል አቃልለዋል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ይሁንና ብዙዎቹ በአማርኛ የሚናገሩት የትኛው ምልክት ላይ እንደሚጫን ነው። ግንበኛው፣ አናጢውና ፎርማኑ የሚጠቀሙባቸው ቃላት፣ ማለትም ሶሌታው፣ ፌሮው፣ ውኃ ልኩ፣ በትምህርቱ ውስጥ አይሰሙም። ስለዚህ ተማሪው የሚሠራለትን ሰው ቋንቋ ሳያውቅ የመሣሪያውን ቋንቋ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም «የሶፍትዌር ትምህርት ሶፍትዌር እንጂ አርክቴክቸር ላስተምር ብሎ አልተነሣም» የሚል ነው። መልሱ ከባድ አይደለም። ትምህርቶቹ ራሳቸው የሚጠሩት በቤት ዲዛይን ስም ነው። ከዚህም በላይ ተማሪው ሌላ መማሪያ የለውም፤ መሣሪያውን ብቻ ያስተማረው ሰው ሳያውቀው የቤት አሠራር መምህሩ ሆኗል።

የደረጃው ምሳሌ

ጉድለቱ ምን እንደሚያስከትል ለማየት አንድ ሁኔታ ለምሳሌ ይወሰድ። አንዲት የአዲሱ ገበያ ወጣት ቀን በሱቅ ተቀጥራ እየሠራች ማታ አውቶካድ ስትማር ሰባት ወር ሆኗታል። አንድ ጎረቤት ካለው ቤት በላይ አንድ ክፍል ሊጨምር አስቦ የደረጃውን ንድፍ እንድትሠራለት ይጠይቃታል። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው 3 ሜትር ነው፤ ለደረጃው የተተወው ርዝመት ደግሞ 3.20 ሜትር ነው። ተማሪዋ በቪዲዮ እንዳየችው ከፍታውን ለ18 ከፍላ እያንዳንዱን ደረጃ ወደ 16.7 ሴንቲ ሜትር ታደርገዋለች። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነች። ከዚያ ግን 17ቱን መርገጫዎች በ3.20 ሜትር ውስጥ እኩል ታካፍላቸዋለች፤ የእያንዳንዱ ጥልቀት ከ19 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ውፍረቱ ተለክቷል፤ ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል።

ንድፉን የሚመለከተው አንድ ሸምገል ያለ ግንበኛ ነው። ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ካገላበጠ በኋላ፣

«ልጄ፣ ደረጃው ቆንጆ ነው፤ እግር ግን የት ላይ ያርፋል?» ይላታል።

«ኮምፒዩተሩ ምንም አላለኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱማ አይወጣበትም።»

በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ በሰባት ወር ቪዲዮ ያልተገኘ ትምህርት ተሰጥቷል። የሁለት ከፍታና የአንድ መርገጫ ድምር ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እንዲሆን የሚያዘው ደንብ ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ብሎንዴል ዘመን፣ ማለትም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የተወሰደውም ከሰው እርምጃ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት 16.7 ከፍታ ያለው ደረጃ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ መርገጫ ይፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ደረጃ 4.76 ሜትር ይወስዳል፤ ቦታው አይበቃውም። መፍትሔው ደረጃውን ማጠፍ ነው፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ከፍታ ባላቸው ሁለት ክንፎች ከፍሎ መካከሉ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ማረፊያ ቢደረግ 2.24 ሜትር ለመርገጫው፣ 90 ሴንቲ ሜትር ለማረፊያው፣ በድምሩ 3.14 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ይጨምራል፤ ርዝመቱ ግን ይበቃል። ሰውም ሳይወድቅ ይወጣል፤ ይወርዳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ተማሪዋ ቁጥሩን ለማስላት ችሎታ አለማጣቷ ነው። ያጣችው ጥያቄውን የሚጠይቃት ሰው ነው። ግንበኛው ባይኖር ኖሮ ደረጃው በሲሚንቶ ይቆም ነበር፤ በጨለማ ውኃ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ወይም ሕፃን ልጅ ስሕተቱን በአካሉ ያርመው ነበር።

ቆጠራና ነገራ

በአገራችን ብቻውን የሚማር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ ነው። ይህ ቆጠራ ይባላል፤ ማንም አይረዳውም። ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ አያበቃም። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል፣ ያርመዋል፣ አንዳንዴም አፍርሶ እንደገና እንዲቆጥር ይመልሰዋል። ይህ ነገራ ነው። ያለ ቆጠራ ነገራ የለም፤ ያለ ነገራም ቆጠራ ሕልም ሆኖ ይቀራል። የአገራችን የቆየ ትምህርት ብቸኝነትንና እርማትን በአንድነት ያስኬደው በዚህ መንገድ ነው።

ዘመናዊው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤትም በሌላ መንገድ ከዚሁ ሐሳብ ላይ ደርሷል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው «ዘ ሪፍሌክቲቭ ፕራክቲሽነር» በተባለው መጽሐፉ አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪና መምህሯ በንድፍ ክፍል ያደረጉትን ውይይት ይመረምራል። ተማሪዋ የምትነድፈው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የተቸገረችውም የሕንፃው ቅርጽ ከተዳፋቱ መሬት ጋር አልገጥም ስላላት ነው። መምህሩ በንድፏ ላይ ወረቀት ደርቦ እየሳለና እየተናገረ፣ መሬቱ ለሕንፃው ምን መልስ እንደሚሰጥ ያሳያታል። ይህ የተዳፋት ጥያቄ የአዲሱ ገበያም ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ በአዲሱ ገበያ ያለችው ተማሪ ወረቀት የሚደርብላት ሰው አለማግኘቷ ነው።

በቴሌግራም የሥራ ማሳያ ቡድኖች ይህን ክፍተት ይሞላሉ የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል። በከፊል እውነት ነው። ሆኖም በእንዲህ ያለው ቦታ በብዛት የሚቀርበው በብርሃንና በዛፍ ያጌጠ የቤት ምስል ነው፤ የሚሰጠውም መልስ ባብዛኛው «ጎበዝ፣ በርቺ» የሚል ነው። ማበረታቻ ጥሩ ነው፤ እርማትን ግን አይተካም። ፕላኑንና ቁርጡን ጠይቆ፣ ልኩን መርምሮ፣ «ይህ በር ሲከፈት አልጋውን ይመታል» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ሕጋዊውና ሙያዊው ወሰን

የቤት ውስጥ ተማሪ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከሕጉም ሌላ እንዲህ ያለው ቅጂ ቫይረስ ይዞ የወራት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። አውቶዴስክ ለተማሪዎችና ለመምህራን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ግን በታወቀ የትምህርት ተቋም መመዝገብን በማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ በየትም ያልተመዘገበው የቤት ተማሪ፣ ከውጭ ይቀራል። ሊብሬካድ፣ ፍሪካድና ብሌንደር ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ ይገኛሉ፤ ስኬችአፕም በኢንተርኔት መክፈቻ የሚሠራ ነጻ እትም አለው። ደረጃን ማጠፍ የተማረ ሰው በማናቸውም መሣሪያ ያጥፈዋል። የቪዲዮ ትምህርቶቹ ስለ እነዚህ አማራጮች እምብዛም አለመናገራቸው ራሱን የቻለ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ወሰን የኀላፊነት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ባለ አንድ ወለሉን አነስተኛ ቤት ከፎቅ ቤት፣ ፎቁን ቤት ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት ከሚውለውና ከ12 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ይለይ ነበር። የአከፋፈሉ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሕንፃው በሰው ሕይወት ላይ የሚያስከትለው አደጋ በጨመረ መጠን ከነዳፊው የሚጠየቀው ዕውቀትና ኀላፊነት ይጨምራል። መስመርን በጥራት መሳልና ለሕንፃ ኀላፊ መሆን የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ያልተነገረው ተማሪ ወሰኑን የሚያውቀው ከተሻገረው በኋላ ነው።

ምን ይደረግ

መንግሥት ራስን በራስ ማስተማርን እንደ ሕጋዊ የትምህርት መንገድ መመልከት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ችሎታ በየትም ይገኝ በየት ሊመዘን ይገባል ከሚል መርሕ ተነሥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርትን ለሕዝብ ከፍቷል። ሆኖም ምዘና በመንገዱ ጫፍ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ይላል። መንገድ ላይ ያለውን ተማሪ አያርምም። የጎደለው በመካከል ያለው ነገራ ነው።

ይህን ለመሙላት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በአማርኛ የተዘጋጀ አጭር የመማሪያ ጥራዝ ነው፤ አደረጃጀቱም ከሶፍትዌሩ ዝርዝር ሳይሆን ከተማሪው ቤት የሚነሣ ይሁን። የመልመጃዎቹ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

1. ተማሪው የሚኖርበትን ክፍል በሜትር ለክቶ በእርሳስ በወረቀት ላይ ይንደፍ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው።
2. በክፍሉ ውስጥ ያለውን አልጋ፣ ሳጥንና ምድጃ ለክቶ የራሱን የዕቃ ስብስብ ያዘጋጅ።
3. በሰፈሩ የሚወጣበትን አንድ ደረጃ ከፍታውንና መርገጫውን ለክቶ ለምን እንደሚመች ወይም ለምን እንደሚያደክም ያስረዳ።
4. ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውኃ በተሞላ የሚያሳልፍ ቱቦ የአንድን ቦታ ተዳፋት ለክቶ ቁርጡን ያውጣ።
5. ፀሐይ በጧትና በማታ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ ለአንድ ሳምንት መዝግቦ በፕላኑ ላይ ያመልክት።
6. በመጨረሻ በዚያው ተዳፋት ላይ አንዲት ክፍል ይንደፍ፤ ንድፉን ለአንድ ግንበኛ አሳይቶ የተሰጠውን አስተያየት ከንድፉ ጋር ያቅርብ።

እነዚህን ስድስት መልመጃዎች የሚፈጽም ተማሪ መስመርን፣ ኦፍሴትን፣ ትሪምንና ሌየርን ሳይማር አይቀርም፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ የሚማረው ግን ባስፈለገው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የእርማት ጠረጴዛ ነው። በጉለሌና በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢከፈት፣ አንድ የንድፍ መምህርና አንድ የታወቀ ግንበኛ አብረው ቢቀመጡ፣ የቤት ተማሪው የታተመ ፕላኑን ይዞ መቅረብ ይችላል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ፣ ሜትርና ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል። መምህሩም ይጠቀማል፤ ሕዝቡ በምን ዓይነት ቤት እንደሚኖርና ምን መሥራት እንደሚፈልግ ከንድፎቹ ያነባል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ይህ ጠረጴዛ የተግባር ትምህርት ቦታ ሊሆናቸው ይችላል፤ የሌላውን ሥራ አንብቦ ማረም የመምህርነት ዋና ክፍል ነውና።

ማጠቃለያ

የቤት ውስጥ ተማሪ ጥፋተኛ አይደለም። ከሥራ ውሎ መጥቶ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ባትሪው እስኪያልቅ የሚቀመጥ ሰው ማድረግ የሚገባውን አድርጓል። ጉድለቱ ያለው ከመሣሪያ ዝርዝር በቀር ሌላ በሌለው መማሪያ ላይ ነው፤ ይበልጡንም ይህ ትምህርት በዓይናቸው ፊት ሲስፋፋ ጥራዝ ባላዘጋጁለትና ጠረጴዛ ባልዘረጉለት ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ላይ ነው።

በምሳሌው የተጠቀሰችው ተማሪ ግንበኛውን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። በዚያው ዳገት ላይ ሌላ ጎረቤት ሌላ ደረጃ ያስነድፋል፤ ንድፉም ጥርት ብሎ ይታተማል። «እግር የት ላይ ያርፋል?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው በአጋጣሚ ላይ መተው ግን የትምህርት ሥርዓት ሊባል አይችልም።